ስለ «ኤም» ፊልም ዝምታ ለቀረበው ጥያቄ

ጠያቂያችን፣ ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በጀርመን የሠራውን፣ ልጆችን የሚገድል ሰው በፖሊሶችም በወንበዴዎችም ሲታደን የሚያሳየውን «ኤም» ሲያዩ ድምፁ በየመሃሉ ጭራሽ እየጠፋ እንዳስቸገረዎ፣ አጃቢ ሙዚቃም ስለሌለው ቅጂው የተበላሸ እንደመሰለዎ ጽፈዋል። እኔም መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ተነሥቼ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነካክቻለሁና ጥርጣሬዎ ይገባኛል። ቅጂው ግን ጤነኛ ነው፤ ዝምታው የዳይሬክተሩ ነው። ማረጋገጫ ከፈለጉ ለማኞቹ የሚሰበሰቡበትን ትዕይንት መልሰው ይመልከቱ፤ ዓይነ ስውሩ ፊኛ ሻጭ በእጅ የሚዘወረው የሙዚቃ ሣጥን ዜማው ሲዛባበት ሁለት ጆሮዎቹን ይደፍናል፣ ያን ጊዜ ከእኛም ጆሮ ድምፁ ይጠፋል፤ እጆቹን ሲያነሣ ይመለሳል።

ላንግ ለዓመታት ድምፅ አልባ ፊልሞችን ሲሠራ ኖሮ የመጀመሪያ ባለድምፅ ሥራው ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ድምፅን እንዲህ መጥኖ የተጠቀመበት ዝምታ ምን ያህል እንደሚናገር አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ለዚህ ከመክፈቻው የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። እናት ለልጇ ለኤልሲ ምሳ አሰናድታ ትጠብቃለች፤ የግድግዳው ሰዓት ይጮኻል፣ በደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማል፣ የሚመጡት ግን የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። በመጨረሻ ስሟን እየጠራች ስትጮኽ ካሜራው የሚያሳየን እናቲቱን ሳይሆን ባዶውን ደረጃ፣ ልብስ የተሰጣበትን የጣሪያ ሥር ክፍልና ማንም ያልነካውን ሳህን ነው። ቀጥሎ የልጅቷ ኳስ ከቁጥቋጦ ሥር ተንከባልላ ወጥታ ትቆማለች፣ ፊኛዋም ከስልክ ሽቦ ጋር ይጠላለፋል። ግድያውን አናየውም፤ እኔ ግን ደም ከሚታይባቸው ፊልሞች ሁሉ ይልቅ ያቺን ኳስ መርሳት አልቻልኩም።

ነፍሰ ገዳዩንም የምናውቀው በመልኩ ሳይሆን በሚያፏጨው የሙዚቃ ደራሲው የኤድቫርድ ግሪግ ዜማ ነው፤ ለመያዝ የሚያበቃውም ፊኛ ሻጩ ያንኑ ፉጨት መለየቱ ነው። የፖሊሶቹና የወንበዴዎቹ ስብሰባ እየተፈራረቀ የሚታይበት ክፍል፣ አንዱ የጀመረውን የእጅ እንቅስቃሴ ሌላው የሚጨርስበት፣ ብዙ የሚያስብል ቢሆንም የእርስዎ ጥያቄ ስለ ድምፅ ነውና አልፈዋለሁ።

ትዕግሥት አድርገው ወንበዴዎቹ ገዳዩን ይዘው በምድር ቤት እስከሚዳኙበት ችሎት ድረስ ይዝለቁ። ገዳዩን ሆኖ የሚጫወተው ፒተር ሎሬ ተጎትቶ ሲገባ ካሜራው ጸጥ ብለው የሚያዩትን የወንበዴዎች ፊቶች ቀስ ብሎ ይቃኛል፤ በኋላ ሰውየው ራሱን መግታት እንደማይችል ዓይኑን አፍጥጦ ሲጮኽ፣ ላንግ ድምፁን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባይቆጥብልን ኖሮ ያ ጩኸት እንዲያ ባልሰቀጠጠኝ ነበር።