የዛገ የብረት መጥበሻ አይጣልም

ሰላም ለዚህ ቤት። እህታችን ከኮምቦልቻ «ከአክስቴ ያገኘሁት ከባድ የብረት መጥበሻ ዝጎ ቀይ ሆኗል፤ ኦቨን የለኝም፤ ልጣለው ወይስ ይድናል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ፣ ይድናል! እኔ ደሴ ነው የምኖረው። በእኛ ጉምና ክረምት ብረት ሳይዝግ አይከርምም፤ ስለዚህ ይሄን ሥራ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ።

መጀመሪያ እጀታውን ይዘሽ በማንኪያ አንኳኪው። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ግን ስንጥቅ ፈልጊ፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ባትለፊበት ይሻላል።

ዝገቱን በእቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትጊው። እምቢ ካለሽ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ ዘፍዝፊው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያወጣሽ እዪው፤ አቼቶው ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን መብላት ይጀምራል። ከዚያ በሳሙና እጠቢና ወዲያው እሳት ላይ ጥደሽ አድርቂው። እርጥቡን ትተሽው ዞር ካልሽ መልሶ ይዝጋል።

ዋናው ሥራ ማሟሸቱ ነው። የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ስናሟሽ ቀዳዳውን ነው የምንደፍነው። ብረት ላይ ግን ዘይቱ ራሱ በሙቀት ይጠነክርና ጥቁር ሽፋን ይሆናል። እኔ የኑግ ዘይት እመርጣለሁ፤ ቶሎ ይደርቃል። መጥበሻው ለብ እንዳለ ውስጡንም ጀርባውንም እጀታውንም ቀቢው። ቀጥሎ ዘይት ነክቶት የማያውቅ እስኪመስል ድረስ በደረቅ ጨርቅ ወልውይው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው! ዘይት የበዛበት መጥበሻ ሲበርድ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ቆይቶም ይላላጣል።

ኦቨን ያላችሁ ከ230 እስከ 250 ዲግሪ ላይ ደፍታችሁ 1 ሰዓት ተዉት፣ እዚያው ይብረድ። አንቺ ግን በከሰል ትወጪዋለሽ። ጭሱ ብዙ ስለሆነ ምድጃውን ደጅ አውጪው፤ የከሰል ጢስ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። እያዞርሽ ቀስ በቀስ አግዪው። መጀመሪያ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ይጨሳል። ጭሱ ሲያልቅ ብልጭታው ጠፍቶ ቡናማ ይሆናል። ሲበርድ ድገሚው። 3 ወይም 4 ጊዜ ሲቀባ ጥቁር ይሆንልሻል።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንኩርትና ሥጋ በደንብ ዘይት አድርገሽ ጥበሺበት። የቲማቲም ስልስና ሎሚ ይቆዩ፤ ሽፋኑን ይልጡታል። የጋለ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፊ፣ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ደግሞ ከድነሽ አታስቀምጪው፤ እርጥበቱን የሚመጥ ወረቀት ጣል አድርጊበት።