ስለ ሺለር «ዶን ካርሎስ» ጥያቄና መልስ

ይህ የጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት የሺለር ሥራ በ1787 ሃምቡርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ፣ ልጁ ካርሎስና የልጁ ጓደኛ ማርኪስ ፖሳ ዋናዎቹ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታሪኩ እውነት ነው?

መልስ፦ ንጉሡ፣ ልጁና ንግሥቲቱ በእውን የነበሩ ናቸው፤ ካርሎስ ለእንጀራ እናቱ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ያለው ፍቅር ግን ከፈረንሳዊው ደራሲ ሴን-ሬያል የ1672 ልብ ወለድ የመጣ ነው። ካርሎስ በጃንዋሪ 1568 ታሰረ፤ ጁላይ ላይ በ23 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ኤልሳቤጥ አስቀድማ ለእሱ ታስባ ነበር፤ ያገባት ግን አባቱ ነው። ፖሳ ፈጠራ ነው። እንግሊዝን ሊወጋ የዘመተው የስፔን መርከቦች ጓድ፣ የአርማዳው ሽንፈትም የ1588 ነገር ነው፤ ሺለር 20 ዓመት ወደ ኋላ ስቦታል።

ጥያቄ፦ «የሐሳብ ነፃነት ይስጡን» የሚለውን በአማርኛ ግጥም እንዴት ልመልሰው?

መልስ፦ ፖሳ ንጉሡን የሚለምንበት 3ኛ ገቢር፣ 10ኛ ትዕይንት ነው። ሺለር ስንኙን «ይስጡ» ላይ ይሰብረዋል፤ «የሐሳብ ነፃነት» የሚጀምረው ከቀጣዩ መስመር ነው። ተመልካቹ ምን ሊለምን ነው ብሎ ትንፋሹን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ልመናው አስቀድሞ ይገለጥና ያ ትንፋሽ ይጠፋል። በግጥም ግሱን ማስቀደም ስለሚቻል «ይስጡን» በሉና መስመሩን ስበሩ። የጀርመንኛው ስንኝ 10 ወይም 11 ቀለም ነው፤ ቤት አይመታም። ወል ቤት የሚባለው የአማርኛ ግጥም ልክ 12 ቀለም ስላለው ልኩ ይቀርበዋል፤ ቤት ለማስመታት ብላችሁ ግን ቃል አትጨምሩ። በናዚ ዘመን ይህች ዓረፍተ ነገር ስትነገር የጀርመን ተመልካች ያጨበጭብ ነበር፤ ልትደበዝዝ አይገባም።

ጥያቄ፦ ምኑን ልቁረጥ?

መልስ፦ የ1805ቱ እትም 5370 ስንኝ ነው። በደቂቃ 18 ስንኝ ቢባል ወደ 5 ሰዓት ይወስዳል፤ ለ3 ሰዓት ወደ 3200 አውርዱት። የቤተ መንግሥት ሰዎችን ረጃጅም ንግግር አሳጥሩ። ደብዳቤዎቹን ግን አትንኩ፦ ካርሎስን የምታፈቅረው የቤተ መንግሥቷ ልዕልት የኤቦሊ ደብዳቤና ቁልፍ፣ ካርሎስ ከእሷ የሚወስደው የንጉሡ ደብዳቤ፣ ፖሳ በስፔን ላይ ላመፁት የኔዘርላንድስ ሰዎች መሪ ለኦራንዡ ዊሊያም የሚጽፈው። አንዱ ከወጣ ፖሳ ለምን እንደሞተ የሚገባው ሰው አይኖርም።

ጥያቄ፦ ፖሳ ጀግና ነው?

መልስ፦ እንደ ንጹሕ ጀግና የሚጫወቱት ተዋንያን ተውኔቱን ያሳንሱታል። ስለ ሰው ልጅ ነፃነት ይሟገታል፤ ለገዛ ጓደኛው ግን ያሰበውን አይነግረውም። የካርሎስን የደብዳቤ ቦርሳ ለንጉሡ ይሰጣል፤ የእስር ትእዛዝ ተቀብሎ ይይዛል። ካርሎስ ተከዳሁ ብሎ ወደ ኤቦሊ ሲሮጥ፣ ፖሳ በዚያው ትእዛዝ ያስረዋል። ከዚያ ንግሥቲቱን የማፈቅር እኔ ነኝ ብሎ፣ ፖስታው እንደሚያዝ እያወቀ ለዊሊያም ይጽፋል። ሌላውን ሳያማክር ዕጣውን መወሰን የንጉሡ ጠባይ ነው፤ ፖሳም ያንኑ አደረገ። ሺለር ራሱ በ1788 ባሳተማቸው ደብዳቤዎች ይህን ጉድለት አንስቶበታል። ስለዚህ ተዋናዩ በ4ኛው ገቢር ሲደብቅ ይታይ።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ላይ ንጉሡ መጮህ አለበት?

መልስ፦ የለበትም። የ90 ዓመቱ ዓይነ ስውር ካርዲናል፣ መናፍቃንን የሚያሳድደው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት (ኢንኩዊዚሽን) ዋና መርማሪ፣ ገብቶ ንጉሡን እንደ ተማሪ ይገሥጻል፤ ፖሳን ለዓመታት ሲከታተለው ኖሮ ያለ ፈቃዱ በመገደሉ ተቆጥቷል። ያኔ ዙፋን ላይ ያለውም ነፃ እንዳልሆነ ይታያል። ንጉሡ ልጁን አሳልፎ ሲሰጥ «ካርዲናል፣ እኔ የድርሻዬን አድርጌአለሁ፤ እርስዎ የእርስዎን ያድርጉ» ይላል፤ የሺለር መመሪያም «በቀዝቃዛና ዝግ ባለ ድምፅ» ነው።