ዞኒንግ ቦርዱ ወሰነብኝ፤ ፍርድ ቤት ልሂድ? (ጥያቄና መልስ)

አሜሪካ ውስጥ የዞኒንግ ቦርድ (የት ምን መገንባት እንደሚቻል በሚደነግገው ደንብ ላይ የሚወስነው የአካባቢው ቦርድ) ውሳኔን ፍርድ ቤት ስለመውሰድ የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ስቴታችሁን ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ሦስተኛ ፎቅ እንዲጨምር ቦርዱ ፈቀደለት። ለመክሰስ ስንት ቀን አለኝ?

ትንሽ ነው። ቴክሳስ 10 ቀን፣ ማሳቹሴትስ 20፣ ዋሽንግተን ስቴት 21፣ ኒውዮርክ 30። ካሊፎርኒያ 90 ይሰጣል፤ ግን ቶሎ አትደሰቱ፣ መጥሪያውም በዚያው 90 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት።

ጥያቄ፦ ደብዳቤው ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ቀኑ ከመቼ ይቆጠራል?

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኒውዮርክና ማሳቹሴትስ ውሳኔው የከተማው ጸሐፊ ቢሮ ከገባበት ቀን ይቆጥራሉ። ቴክሳስ ቦርዱ ቢሮ ፋይል ከሆነበት። ኒው ጀርሲ ደግሞ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ 45 ቀን ነው። ፖስታ ሳጥንዎን መቼ እንደከፈቱ ማንም አይጠይቅዎትም። ስለዚህ ደብዳቤ አይጠብቁ። ቢሮው ሄደው የውሳኔውን ግልባጭ ያውጡ፤ ገቢ የተደረገበትን ማህተም ይፈልጉ። በኒውዮርክ፣ በማሳቹሴትስና በቴክሳስ ቆጠራው ከዚያች ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ማሳቹሴትስ ነኝ። በ20ኛው ቀን ክስ ከፈትኩ። ተረፍኩ?

ለከተማው ጸሐፊስ አሳወቁ? ማሳወቂያው ከክሱ ቅጂ ጋር በዚያው 20 ቀን ውስጥ ጸሐፊው እጅ መግባት አለበት። ይህን ረስቶ ፍሬ ነገሩ ሳይታይ መዝገቡ የሚዘጋበት ሰው አለ። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ «ደርሶናል» ያስመቱ።

ጥያቄ፦ ቦርዱን «እንደገና እዩልኝ» ብያለሁ። መልሱን ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ብዙ ቦታ ይህ ማመልከቻ ቀኑን አያቆመውም።

ጥያቄ፦ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም። አዲስ መከራከሪያ ፍርድ ቤት ላይ ላንሳ?

ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ ዳኛው የሚያየው ቦርዱ ፊት የቀረበውን መዝገብ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በስብሰባው ወይም ከዚያ በፊት በጽሑፍ ያልተነሳ ነጥብ በመርህ ደረጃ አይነሳም። ማሳቹሴትስ ይለያል፤ ዳኛው ማስረጃውን እንደ አዲስ ይሰማል። ሥራ ይዟችሁ መሄድ ካልቻላችሁ፣ ቢያንስ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አስገቡ።

ጥያቄ፦ እዚያው ሰፈር ነው የምኖረው። መክሰስ እችላለሁ?

መኖር ብቻውን አይበቃም። ጉዳቱ የእርስዎ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ የፎቁ ጥላ ጓሮዎ ላይ ከወደቀ። አጥር ለአጥር የሚዋሰን ባለቤት ግን ብዙ ቦታ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ክስ ከከፈትኩ ግንባታው ይቆማል?

አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይቆምም። እግድ ለብቻው ይጠየቃል፤ ዳኛው ገንዘብ ሊያስይዝዎም ይችላል።

ጥያቄ፦ ካሸነፍኩስ?

ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወደ ቦርዱ ይመለሳል። አዎ፣ ወደዚያው ቦርድ።