ወሰን ላይ ለምትሠሩ ወጣቶች

ባለፈው ሰሞን ለአዲስ ተቀጣሪ የውሃ መሐንዲሶች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ስለ ጥልቅ ጉድጓድና ስለ ፓምፕ አመራረጥ ተናግሬ ስጨርስ አንዲት ወጣት እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ከክልሌ ውጭ ብቀጠር ነገ ‹ይቺ የእኛ ናት› የሚለኝ ማን አለ? ለምንስ የሌላ ሰው ጉድጓድ ስቆፍር እኖራለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዳራሹ ዝም አለ። ብዙዎቹ ያንኑ ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው እንደተቀመጡ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። አጭር መልስ ሰጥቼ ወረድኩ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ጉድጓድ አለና።

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ስትጓዙ አዋሽን አልፋችሁ የሚኤሶን ቆላ ታገኛላችሁ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለበት፣ ኦሮሞና ሶማሌ፣ ራቅ ሲልም አፋር የሚገናኙበት አገር ነው። በወጣትነቴ ለሥራ ስመላለስ የኦሮሞው ጎሳ ኢቱውም የሶማሌው ጎሳ ኢሳውም በአንድ ገበያ ይውሉ ነበር። አይጋጩም ነበር ብዬ አላታልላችሁም። በግጦሽና በውሃ ይጋጩ ነበር፤ የሚታረቁበት ሥርዓትም ነበራቸው። ገበያው ውስጥ ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም የሚናገር ሰው ለማግኘት ማፈላለግ አያስፈልግም ነበር።

ጉድጓዱ የተቆፈረው ከ1997ቱ ሕዝበ ውሳኔ በፊት ነው። ጄኔሬተሩና የፓምፕ ቤቱ በአንድ መንደር ዳርቻ፣ ታንከሩ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ሆነው፣ ውሃው በቧንቧ ወደ ሁለት መንደሮች ይወርድ ነበር። በእያንዳንዱ መንደር አንድ ቦኖ፣ መካከል ላይ ደግሞ ረጅም የከብት ማጠጫ ገንዳ ነበር። ቦታውን ስንመርጥ ያየነው ዐለቱንና የውሃውን መጠን ነው። የሁለቱም መንደር ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቦይ ቆፍሮ ረድቶናል። ውሃው መጀመሪያ ገንዳው ላይ ሲወርድ ግመሎቹ ከሩቅ ሸትቷቸው እየሮጡ መጡ፤ ልጆቹም ከግመሎቹ ቀድመው ገንዳው ውስጥ ገቡ።

በጥቅምት 1997 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ከ420 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ከቀበሌዎቹ 80 በመቶ ያህሉ ወደ ኦሮሚያ ተካለሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የወሰን ጉዳይ በክልሎች ስምምነት እንዲያልቅ፣ ካልተስማሙ ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ እንዲወስን ያዛል። ሕዝቡን መጠየቁ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም እንዲያ ነው የማምነው። ሰዉ የተጠየቀው ግን ቀበሌው ወደ የትኛው ክልል ይሁን የሚል ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ በአንዱ ክልል፣ ሁለተኛው ቦኖ በሌላው ክልል ሲቀር ናፍታውን ማን ይገዛል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጠቡ የተጀመረው በናፍታ ነው። የአንዱ ወረዳ ጽሕፈት ቤት «የእኛ በጀት ለሌላ ክልል ነዋሪ አይወጣም» አለ። የሌላው ደግሞ «በእኛ ንብረት መዝገብ ላይ ለሌለ ጄኔሬተር ክፍያ አንፈጽምም» አለ። በፋይናንስ ደንቡ ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ኦዲተር ቢመጣ የሚጠይቀው የከፈለውን ነው። በዚህ መካከል ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ወገን ግራር ሥር ተቀመጡ። ፓምፑ በሰዓት ስንት ሊትር ናፍታ እንደሚበላ እንዳስረዳ ተጠርቼ ሄድኩ። ያን የመሰለ ስብሰባ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የአንዱ ወገን ሽማግሌ በኦሮምኛ ይጀምራል፣ ሌላው በሶማልኛ ይመልሳል፤ አስተርጓሚ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ለእኔ ግን አንድ መምህር አጠገቤ ተቀምጦ ያስረዳኝ ነበር። ለግመል ይህን ያህል፣ ለላም ይህን ያህል፣ ለፍየል ይህን ያህል ብለው ክፍያውን ተመኑ። ወር በወር ተራ ገቡ። ዘበኛው ከአንዱ፣ የፓምፕ ኦፕሬተሩ ከሌላው መንደር እንዲሆን ተስማሙ። ደሃ እናቶች በጄሪካን ለሚቀዱት እንዳይከፍሉ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት ጠየቁ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። እኔ በአማርኛ ጻፍኩት፣ መምህሩ በኦሮምኛ፣ ሌላ ሰው በሶማልኛ አዘጋጁት፤ ሽማግሌዎቹ አሻራቸውን አኖሩበት።

የቀረው ማህተም ነበር። ያለ ማህተም የውሃ ኮሚቴው መለዋወጫ ከመንግሥት መጋዘን ማውጣት አይችልም። ወረቀቱን ይዤ ወደ መጀመሪያው ኃላፊ ሄድኩ። ደግ ሰው ነበር። ሻይ አስመጣልኝ፣ አነበበ፣ ደስ አለው። «ከወሰኑ ወዲህ የሚገኘው ጄኔሬተር» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህን ከፈረምኩ ወሰኑ እዚያ ነው ብዬ አመንኩ ማለት ነው» አለኝ። ሁለተኛው ኃላፊ ዘንድ ስደርስ ያንኑ ቃል ከወዲያ በኩል ሰማሁት፤ እሱማ «ቀበሌውን ሸጠ ይሉኛል» ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወሰን የሚለውን ቃል አውጥቼ በምትኩ ሌላ አስገባሁ። ወደ በላይ አካል ይላክ ተባለ፤ ተላከ፤ አልተመለሰም።

በቀጣዩ በጋ ፓምፑ ተበላሸ። የሚጠገን እንጂ ፓምፑን የሚያስጥል ብልሽት አልነበረም። ዕቃውን የሚያወጣ ማህተም ግን ጠፋ። ለጥቂት ጊዜ ውሃ በቦቴ መጣ፣ ከዚያ ቀረ። ሴቶቹ ሩቅ ወዳለው ኤላ፣ ወደ ባህላዊው የውሃ ጉድጓድ መሄድ ጀመሩ፤ ከብቱም ወደዚያው ተነዳ። ኤላው ላይ በተነሣ ጠብ ሰው ሞተ። ከሞቱት አንዱ ግራር ሥር አሻራቸውን ካኖሩት ሽማግሌዎች የአንዱ ልጅ ነበር። ለቅሶ ስደርስ አባትየው ስለ ወረቀቱ አልጠየቁኝም፤ ስለ መንገዴ ደህንነት ነው የጠየቁኝ።

ብዙ ቆይቶ ለአንድ የሕግ ባለሙያ ታሪኩን ብነግረው «አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር» አለኝ። ጻፈልኝም፦ «ይህ ስምምነት አገልግሎትን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ በማናቸውም የወሰን ጥያቄ ላይ ለየትኛውም ወገን ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም።» በዓለም ላይ የሚከራከሩ ጎረቤቶች የሚጠቀሙበት የታወቀ አንቀጽ ነው አለኝ። ሁለቱ ኃላፊዎች ክፉዎች አልነበሩም። ይህን ዐረፍተ ነገር የሚነግራቸው፣ አንድ ላይ የሚያስቀምጣቸው ቋሚ መድረክ አልነበረም።

ስለ ፌዴራሊዝም ስትከራከሩ የምታልፉት ይህንን ነው። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች አሉት፤ እናንተ የምታነሡት ስለ ራስን በራስ ማስተዳደርና ስለ መገንጠል የሚናገረውን 39ን ነው፣ ለመደገፍም ለመንቀፍም። ስለ መንቀሳቀስ መብት የሚናገረውን 32ን፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችን ለፌዴራል መንግሥት የሚሰጠውን 51ን፣ ስለ ወሰን የሚለውን 48ን ያነበበ ወጣት ስፈልግ እደክማለሁ። በስልካችሁ ካርታ እየቀባችሁ ስትሰዳደቡ አያለሁ፤ ካርታው ላይ ያለውን ወንዝ ግን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ አታውቁትም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ በአቃቂ በኩል የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተቀብሎ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ባሕር አይደርስም። ከታች ያለው አርብቶ አደር ከላይ ያለውን ፋብሪካ በምን መንገድ ይጠይቀው? የፌዴራልና የክልል መንግሥታትን የግንኙነት ሥርዓት የሚወስን አዋጅ የወጣው በ2013 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ 26 ዓመት በኋላ። ራስን ማስተዳደርን ቀድመን ተማርን፤ ጎረቤት መሆን ለኋላ ቀረ።

የሕንድ ግዛቶች የሆኑት ካርናታካና ታሚል ናዱ በካቬሪ ወንዝ ሲካሰሱ ዘመናት አልፈዋል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ልዩ ችሎት ተቋቋመላቸው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ወሰነ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ደመደመው። ረጅም ነው፣ አሰልቺም ነው፤ መንገድ ላይ የተቃጠለ አውቶብስም አለበት። ግን የሚቀመጡበት ጠረጴዛ አላቸው።

የድሮውን አሐዳዊ ሥርዓት እንደምናፍቅ እንዳይመስላችሁ። በደርግ ጊዜ ለአንድ ፓምፕ ብሎን አዲስ አበባ ደብዳቤ ጽፈን ወራት እንጠብቅ ነበር። ገበሬው በማያውቀው ቋንቋ ማመልከቻ ለማስጻፍ ገንዘብ ይከፍል ነበር። አንዲት አሮጊት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ገብተው መጀመሪያ ጊዜ በኦሮምኛ ሲስተናገዱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጉዳያቸው ካለቀ በኋላም ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ያንን ያየ ሰው ፌዴራሊዝም ይፍረስ አይልም። ሆኖም በዕጣ ተመድበን የጎጃሙ ልጅ ጋምቤላ፣ የወለጋው አሳይታ የሚሄድበትን ጊዜ ሳስታውስ ልቤ ይከፈላል። ሁለቱም ስሜት አብሮኝ ይኖራል፤ አንዱን እንድጥል ማንም አላሳመነኝም።

ክልሎቻችን ዘጠኝ ነበሩ፤ ከ2012 ጀምሮ የቀድሞው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ በእሱ ምትክ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተፈጥረው አሥራ ሁለት ሆነዋል። ናይጄሪያ በነጻነቷ ዘመን በሦስት ክልል ጀምራ 36 ግዛቶች ደርሳለች፤ አሁንም የሚጠይቅ አለ። ጥያቄው የሕዝብ ከሆነ አልቃወምም። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መሥሪያ ቤቶቹን በሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎች ከተሞች ማከፋፈሉን ብዙ ሰው ይተቻል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ አዲስ ወሰን በተሰመረ ቁጥር እንደዚያ ዓይነት ጉድጓዶች ይበዛሉ።

ለጠየቅሽኝ ልጅ እንዲህ እላለሁ። ሥራውን ተቀበዪ፤ ከመሄድሽ በፊት ግን የአገሩን ቋንቋ ጀምሪ፣ ሰላምታና ቁጥር እንኳ ቢሆን። ስለ ትጋትና ስለ ሐቀኝነት አልመክርሽም፤ እናትሽ ነግረውሻል። ስጋትሽን ግን አላጣጥልም። በ2010 በነዚሁ ሁለት ክልሎች አዋሳኝ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ሲፈናቀል ልጆች በጀርባቸው አዝለው ያለፉትን አይቻለሁ። ዛሬም ለገዛ ልጄ አትሂጂ የምላቸው ቦታዎች አሉ። ሌላው ቦታ ሁሉ ግን እንዳይዘጋብሽ።

አዋሳኝ ወረዳ ላይ የምትሠሩ ደግሞ የጋራ ውሃ፣ የጋራ ጤና ጣቢያ ወይም የጋራ ገበያ ካላችሁ ስምምነቱን ከጠቡ በፊት ጻፉ። የሕግ ባለሙያው የሰጠኝን ዐረፍተ ነገር ከላይ፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስገቡት፤ ኃላፊው እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ ያንብበው። በሁለቱም ቋንቋ ይሁን። የናፍታና የመለዋወጫ ወጪው በሁለቱም ወረዳዎች በጀት ላይ በግልጽ ይመዝገብ፤ ለዚህም ሐምሌ 1 በጀቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ቢቻል ሚያዝያ ላይ ጥያቄያችሁን አቅርቡ። ፓምፑን መስከረምና ጥቅምት ላይ ፈትሹ፣ ዕቃውንም ያኔ አውጡ፤ በዚያ ቆላ ውሃ የሚጠፋው ጥርና የካቲት ላይ ነው።