ዓሣ ማጥመድ የሚዘጋበት ወቅት ይጠቅመናል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ለገጣፎ እንደምትኖር፣ ልጅ ሆነህ ከአባትህ ጋር ዓሣ ልታጠምድ ቆቃ ሐይቅ ትወርድ እንደነበር፣ ያኔ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ) በቆሮሶ ሆናችሁ ትመለሱ እንደነበር ጽፈሃል። አሁን የምታገኘው አምባዛና ካርፕ ነው። ቆሮሶ ቢገኝም መዳፍ አይሞላም። አሜሪካ ያለው የአጎትህ ልጅ «እኛ ጋ በየዓመቱ ይዘጋል» ሲልህ ጊዜ፣ እኛስ ብንዘጋ ይጠቅማል ወይ ብለህ ጠየቅክ።

እኔም የለገጣፎ ሰው ነኝ። ሜሪላንድ 19 ዓመት ኖሬ በ2015 ዓ.ም. ነው ጠቅልዬ የመጣሁት። እዚያ ታክሲ እየነዳሁ፣ የዕረፍት ቀኔን ቼሳፒክ በሚባለው የባሕር ሰላጤ ዳር ነበር የማሳልፈው። አሁን ደግሞ በወር ሁለቴ ያህል ቆቃ ወይም ዝዋይ እወርዳለሁ። አጭሩ መልሴ ይጠቅማል ነው። ግን የሚጠቅመው ቀኑና ቦታው ከዓሣው ኑሮ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ይህን የተማርኩት ቀስ ብዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምብህ።

ቼሳፒክ ላይ የሁሉም ሰው ዓይን ያለው ሮክፊሽ በሚሉት ዓሣ ላይ ነው። ሌላው የአሜሪካ ክፍል ስትራይፕድ ባስ ይለዋል። ጎኑ ላይ ከስንጥቡ እስከ ጭራው የተሰመሩ ጥቁር መስመሮች አሉት። ባሕር ውስጥ ይኖራል፣ ለመራባት ግን በጸደይ ወደ ወንዞች ይወጣል። ከመጠን በላይ ተጠምዶ ሊያልቅ ሲደርስ፣ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ጭራሽ ዘጋችው። ለንግድም ሆነ ለመዝናኛ እስከ 1990 ድረስ ተዘግቶ ቆየ። በ1995 አገግሟል ተባለ። እኔ የደረስኩት ከዚህ በኋላ ነው። የዚያ ዘመን ሽማግሌዎች ታሪኩን ሲያወሩ እየሰማሁ፣ መዝጋት ማለት መድኃኒት ነው ብዬ አምኜ ነበር።

በኋላ ግን የእኔው ዘንግ ሌላ ነገር ይነግረኝ ጀመር። ትልልቆቹ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሮክፊሽ እንደገና ከሚገባው በላይ ተጠምዷል ተብሎ ታወጀ። ከዚያ በበጋቸው መሀል፣ ከጁላይ 16 እስከ 31፣ ሮክፊሽ ማጥመድ ተከለከለ። ይዞ መልቀቅ እንኳ አይቻልም ነበር። እኔ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። የሚራባው በጸደይ ነው፣ ታዲያ በጁላይ መዝጋት ምን ይረባል?

መልሱን ያገኘሁት አንድ ቀን ያየሁትን ሳስታውስ ነው። ሳንዲ ፖይንት በሚባለው የባሕር ዳር ፓርክ፣ በጣም በሞቀ የጁላይ ቀን፣ ከተፈቀደው መጠን ያነሰ ሮክፊሽ ያዝኩ። እንደ ደንቡ ከመንጠቆው አላቅቄ መለስኩት። ትንሽ ዋኘ። ከዚያ በጎኑ ተኛ። ስንጥቡ ሁለት ሦስቴ ተከፈተና ቆመ። ማዕበሉ ቀስ እያለ ወደ እግሬ መለሰልኝ። ለካስ የሞቀ ውሃ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው። ዓሣው ሲታገል ደክሞ፣ የሚያገግምበት ትንፋሽ ያጣል። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ተይዘው ከሚለቀቁ 100 ሮክፊሾች 9ኙ ይሞታሉ ብለው ነው የሚያሰሉት። ዘጠኝ ትንሽ ይመስላል። በየዓመቱ የሚለቀቀው ግን በሚሊዮን ይቆጠራል። ስለዚህ «እኔ እኮ እለቃለሁ» የምንል ሰዎች ራሳችን የገዳዮቹ ዝርዝር ውስጥ ነን። የጁላዩ እገዳ ያን ጊዜ ገባኝ።

እዚያ ያሉ ጓደኞቼ እንደሚነግሩኝ፣ ከ2024 ወዲህ በሰላጤው ውስጥ በቀን አንድ ዓሣ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ርዝመቱም ከ19 እስከ 24 ኢንች፣ ማለትም ከ48 እስከ 61 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ትንሹ ይለቀቃል፣ ትልቁም ይለቀቃል። ትልልቆቹ ብዙ እንቁላል የሚጥሉ እናቶች ናቸውና። እንደዚያም ሆኖ ችግሩ አልተፈታም። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ ዳር ዳሩን መረብ እየጎተተች በዚያው ዓመት የተፈለፈሉትን ትቆጥራለች። የብዙ ዓመቱ አማካይ በአንድ ጉተታ 11 ያህል ሲሆን፣ በ2023 አንድ ብቻ ተገኘ። ምክንያት ሆነው የተጠቀሱት የብርዱ ወራት መሞቅና በጸደይ የወንዞች ውሃ ማነስ ናቸው። የሚራባውን ዓሣ ከሰው እጅ ማዳን ትችላለህ። እንቁላሉ የሚያድግበት ውሃ ከተበላሸ ግን እገዳው ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ እኛው ልመለስ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር፣ ቆቃ ነበርኩ። ሸንበቆው አጠገብ፣ ጥልቀቱ ከጉልበት በማያልፍ ቦታ፣ ሊጥ አድርጌ ጣልኩ። አንዲት ቆሮሶ መንጠቆው ከንፈሯን ከውጭ ይዟት ወጣች። እጄ ላይ ሳደርጋት አፏን ከፈተችና ከማሽላ ፍሬ አነስ ያሉ ቢጫ እንቁላሎች መዳፌ ላይ ተፋች። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትጠብቀው በአፏ ነው። ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹን ለተወሰኑ ቀናት አፏ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። እሷን መልሼ ለቀቅኳት። እንቁላሉ ግን እጄ ላይ ቀረ። ያን ቀን ዘንጌን ጠቅልዬ ገባሁ።

የአጠማመድ ሰዓታችን ከሚራቡበት ጊዜ ጋር ሲገጥም የሚሆነው ይኼ ነው። የእኔና ያንተ መንጠቆ ደግሞ ከመረቡ ጋር አይወዳደርም። ዳር ዳሩን የሚጎተት፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ እናቲቱንም ጫጩቱንም ባንዴ ጠርጎ ያወጣል።

በአገራችን በደንብ የተጠናው ጣና ነው። እዚያ ያለው «ነጭ ዓሣ» የሚባለው ዝርያ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ያሉ ወንዞችን ይዞ ይወጣል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሞተር ጀልባ መረብ መጣል ሲጀመር፣ ወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ቀላል ሆነ። ዓሣው ራሱ ተሰብስቦ ይመጣላ! በ1990ዎቹ ውስጥ ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ለእንዲህ ያለው ዓሣ ወንዙ አፍ ላይ ለእነዚያ ወራት መዝጋት ዓመቱን ሙሉ ሐይቁን ከመዝጋት ይበልጣል ባይ ነኝ። ቆሮሶ ግን እንደዚያ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ስለሚራባ፣ ለእሱ የሚያዋጣው ጥልቀት የሌለውን የሸንበቆ ዳር መተውና የመረብ ዓይን ማስፋት ነው።

አምባዛና ካርፕ በዝተዋል ያልከው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ እንዳየሁት ሐይቁ ለመጎዳቱ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው። ካርፕን አንዳንዱ አጥማጅ «አባ ሳሙኤል» ይለዋል፤ ከጣሊያን አገር መጥቶ መጀመሪያ የተለቀቀው እዚሁ አቃቂ ባለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ስለሆነ ነው። ጭቃ እየቆፈረ የሚበላ፣ የደፈረሰ ውሃ የማይከብደው ዓሣ ነው። ከሞጆ በኩል ቆዳ ፋብሪካ ያለፈበት ውሃ ቆቃ ይገባል። ዝዋይም ዙሪያውን በመስኖ ፓምፕ ይቀዳል። ቆሮሶ ሲጎዳ እነዚህ ቦታውን ይይዛሉ። ቅርጫታችን ስለሞላ ሐይቁ ደህና ነው ብለን ተዘናጋን።

ገበያውም አለ። ሁዳዴ ሲገባ እዚህ ለገጣፎ ዓሣ ቤቱ ሁሉ ይጨናነቃል፤ ዋጋውም ሽቅብ ይወጣል። ሐይቁ ዳር ያለው አስጋሪ የዓመት ገቢውን የሚጠብቀው ከዚያ ጾም ነው። ያንን ሰው «ዝጋ» ከማለትህ በፊት ልጆቹ ምን እንደሚበሉ ማሰብ አለብህ። አዋጅማ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሜሪላንድ ዓሣዬን ከባልዲዬ አውጥተው የለኩብኝ ቀን ብዙ ነው። እዚህ እስካሁን ማንም ምን ያዝክ ብሎኝ አያውቅም።

እኛ ለመዝናናት የምንወርድ ሰዎች ግን ማቆም አያስርበንም። ስለዚህ እኔ ለራሴ ዘግቻለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም አዋሽ ቆቃ በሚገባበት፣ መቂና ካታር ዝዋይ በሚገቡበት አካባቢ ዘንግ አልጥልም። ሸንበቆ ዳር በማንኛውም ወር ትቻለሁ። የመንጠቆዬን ጆሮ (ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የሚመለሰውን እሾህ) በፒንሳ ደፍጥጬዋለሁ፤ ዓሣው ሳይቀደድ ይላቀቃል። የምለቀውን በእርጥብ እጅ ነው የምይዘው፤ ደረቅ እጅ ላዩ ላይ ያለውን ልጋግ ይገፈዋልና። ፀሐይ ሲከር አቆማለሁ። ለድስት የምወስደው ካርፕና አምባዛ ነው። የካርፕ ጎረድ ደህና አድርገህ ከቀመምከው ማንም ከቆሮሶ አይለየውም።

አንድ ደብተርም አለኝ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዓሣውን ዓይነትና ርዝመት እጽፍበታለሁ። ሲሞላ ሰበታ ባለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ላሉ ባለሙያዎች ላሳያቸው አስቤያለሁ። የሚቸግረኝ ግን ደብተሩ የሚጀምረው ከ2015 ነው። ከዚያ በፊት ቆቃ ምን ይመስል እንደነበር የማውቀው ነገር የለም። አባትህ ካሉ እባክህ ጠይቅልኝ። በየትኛው ወር ይወርዱ እንደነበር፣ በየት በኩል እንደሚቆሙ፣ ከአሥር ዓሣ ስንቱ ቆሮሶ እንደነበር። የቆሮሶውን ርዝመት በእጃቸው ያሳዩህ፤ አንተ በሜትር ለካው።