ከብዕር በፊት አንደበት፦ ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ወጣት ወላጆች

ለተወደዳችሁ ወጣት ወላጆች፣

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። በደሴና በኮምቦልቻ 34 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ወደ እኔ እየመጡ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «መምህር፣ የ6፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ጽሕፈት የማስተምርበት የትኛው ሥርዓተ ትምህርት ይሻለኛል?» ይላሉ። በቃል የመለስኩትን ሁሉ አሰባስቤ በጽሑፍ ላስቀምጥላችሁ ወደድሁ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ሦስት የልጅ ልጆቼ በእኔ ቤት ነበሩ። እኔም ለእያንዳንዳቸው በክፍላቸው ልክ የየራሳቸውን መጽሐፍ ገዛሁ፤ ስሕተቴ የጀመረው ከዚያ ነው። ለአንዱ ሳስረዳ ሌላዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ ሦስቱን ሳዳርስ ቀኑ ይመሻል። የ9 ዓመቷ ልጅ «ስለ አካባቢሽ ግለጪ» የሚል ትእዛዝ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ አንድ መስመር ሳትጽፍ እንባዋ ደብተሩ ላይ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቷ ቡና ሲያፈሉ፣ «እስኪ ብዕሩን ተይውና አያትሽ የሚሠሩትን ንገሪኝ» አልኋት። ቡናው ታጥቦ ከተቆላበት ጀምራ፣ ጢሱ ለሰው ሁሉ ዞሮ፣ ተወቅጦ፣ ጀበና ገብቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለውን አንድም ሳታዛንፍ ነገረችኝ። የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፍሁና ሰጠኋት፤ የዚያን ዕለት ገለበጠችው፤ በማግስቱ እኔ ሳልረዳት ስለ እንጀራ ጋገራ ጻፈች።

ልጅቷ ሐሳብም ቃልም አልጎደላትም ነበር። ገና ያልጠነከረ እጇን፣ የፊደል ምርጫዋንና የሐሳብ ቅደም ተከተሏን በአንድ ጊዜ እንድትሸከም ስለ ጠየቅኋት ነው የከበዳት። ስለዚህ መጽሐፍ ከመምረጣችሁ በፊት «ጽሕፈት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸውን ሦስት ነገሮች ለዩ፤ እነርሱም የእጅ ጽሕፈት፣ ቃልን በትክክለኛ ፊደል መጻፍና ድርሰት ናቸው። ጥሩ ሥርዓተ ትምህርት ሦስቱን ለየብቻቸው አሳድጎ ቀስ በቀስ ያገናኛቸዋል። እንግሊዛዊቷ መምህርት ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) ልጅ ዐሥር ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ የተነበበለትን በቃሉ መልሶ እንዲተርክ እንጂ ድርሰት እንዲጽፍ አይገደድ ትል ነበር፤ እኔም ከልጅ ልጄ እንባ በኋላ የሜሰንን ሐሳብ በሙሉ ልቤ ተቀብዬዋለሁ።

ይህን ለመማር ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚጠራው የቅኔ አገር ዋድላ በእኛው በወሎ ናት። የቅኔ ተማሪ በ2 ቤት (ስንኝ) ከምትቋጨው ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ 3 ቤት ያለውን ዘአምላኪየን፣ 5 ቤት ያለውን ዋዜማን እያለ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ያጠናዋል፤ ከዚያ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም ለመምህሩ አሰምቶ ይታረማል። ወደሚቀጥለው የሚያሳልፈው የያዘው እንጂ ዕድሜው አይደለም። በቁርኣን ቤቶቻችንም ልጅ ሎሁን፣ ማለት የእንጨት ሰሌዳውን፣ አጥቦ አዲስ የሚጽፍበት የቀደመውን ሲይዝ ነው። እናንተም ስትመርጡ፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የክፍል ቁጥር ትታችሁ ልጃችሁ የቆመበትን ደረጃ ተከተሉ፤ የ13 ዓመቱ ልጅ አንድ አንቀጽ አቃንቶ መጻፍ ካልቻለ ከአንቀጽ ይጀምር፤ ይህ ውርደት አይደለም።

ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆች ላሉት ቤት ሦስት መጽሐፍ አልመክርም፤ አንድ ርእስ ለሁሉም ይበቃል። ርእሱ ቡና ከሆነ የ6 ዓመቱ ጀበናውንና ረከቦቱን ሥሎ ስማቸውን ይጻፍ፤ የ9 ዓመቷ አፈላሉን በቅደም ተከተል ትጻፍ፤ የ13 ዓመቱ ደግሞ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ጎረቤት በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚያስቀምጠው ምን እንደ ሆነ በምክንያት ያስረዳ። ማታ አንዱ ለሌላው ያንብብ፤ ትንሹ ወደ ፊት የሚደርስበትን ከታላቁ ይሰማል፣ ታላቁም ለትንሹ ሲያስረዳ የራሱን ጉድለት ያያል። ጊዜውን ግን ለያዩት፤ ለትንሹ 10 ደቂቃ፣ ለመካከለኛዋ 20፣ ለታላቁ 40 ደቂቃ ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመውን ሥርዓተ ትምህርት እንዳለ ለአማርኛ መጠቀም ነው። በእንግሊዝኛ ፊደሉና ድምፁ ስለሚራራቁ መጻሕፍቱ ዓመታት የሚፈጁት የቃላትን አጻጻፍ በማስጠናት ነው፤ ፊደል የቆጠረ የእኛ ልጅ ግን የሰማውን ከሞላ ጎደል መጻፍ ስለሚችል ያ ጊዜ ለድርሰት ሊተርፍለት ይገባል። የአማርኛ ችግሮች ሌሎች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አይለዩም፤ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውም በጽሑፍ ስለማይታይ «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ማለት ይሁን የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው። ልጆች «አያቴ መጡና ቡናውን ቆላች» ብለው አክብሮቱን መንገድ ላይ ይጥሉታል። ደግሞም አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለት ዋናውን ግሥ፣ መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ልጅ «ተነሥታ፣ አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ» እያለ ገጹን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሞላዋል፤ የውጭዎቹ መጻሕፍት አጫጭሩን ዐረፍተ ነገር ማያያዝ ሲያስተምሩ፣ የእኛ ልጅ መማር ያለበት አራት ነጥቡን የት እንደሚያሳርፍ ነው። ልጃችሁ እንግሊዝኛም የሚማር ከሆነ ያን መጽሐፍ ለእንግሊዝኛው አቆዩት።

መጽሐፍ ስታገኙ ከመካከሉ አንድ ትምህርት ገልጣችሁ እዩ። ጻፍ ከማለቱ በፊት የሚነበብ ጥሩ አብነት አቅርቧል? የተጻፈውን እንዴት እንደምታርሙ ለእናንተ ይነግራችኋል? ልጁ አንዱን ጽሑፍ ሁለተኛ እንዲጽፈው ጊዜ ይሰጠዋል? እነዚህ ከሌሉ ሥዕሉ ቢያምርም አትግዙት። የመንግሥት የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍም ከጎናችሁ አይጥፋ፤ ልጁ ነገ ወደ መደበኛ ትምህርት ሊመለስ ስለሚችል ከወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የምርጫ ፈተና ግን ድርሰትን እንደማይመዝን እወቁ፤ ፈተና እያየን ድርሰትን ወደ ጎን መተዋችን መምህር ሆኜ ሳለሁ ሲቆጨኝ ኖሯል።

ስታርሙ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አርሙ፤ ዛሬ አራት ነጥብ ከሆነ ሠውና ሰው ነገ ይደርሳል። በቀይ የተሞላ ገጽ የተመለሰለት ልጅ ቀጥሎ የሚጽፈው አጭሩንና የማያሳስተውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ደብተር አትጣሉት። በሦስተኛው ወር ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ፤ ለውጥ ካጣችሁ መጽሐፉን ከመቀየራችሁ በፊት በየማታው ጥሩ አማርኛ ጮክ ብላችሁ ታነቡላቸው እንደ ነበረ ራሳችሁን ጠይቁ። አንብባችሁም ካልተቃና፣ አብሽሩ፤ ክረምቱን ሌላ መርጣችሁ በመስከረም ጀምሩ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የአማርኛ መምህር፣ ደሴ