ውጭ ሀገር የምትኖሩ፣ ባሕር ዳር ያሉ ወላጆቻችሁን ስለ ስኳር ሕመማቸው ትጠይቃላችሁ፣ ስለ ልባቸውስ?

1. ወረቀት። መድኃኒት ይዛችሁ የምትገቡ የሐኪም ማዘዣውን ከዋናው ማሸጊያ ጋር ያዙ። ኢንሱሊን በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይሄድም፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይረባም። ስለ ወረቀት ይኸው ነው።

2. መለኪያው። ከለንደን ወይም ከቶሮንቶ የተገዛ የስኳር መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው በሚሊሞል ነው። አባታችሁ የለመዱት በሚሊግራም 160 ነው፤ መለኪያው 9 ሲላቸው «ስኳሬ ወረደ» ብለው ጣፋጭ ይጠጣሉ። 9 በ18 ሲባዛ 162 ነው! ደግሞም የአንዱ መለኪያ ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካው ቀጭን ቁራጭ) ለሌላው አይሆንም። የላካችሁት 50 ስትሪፕ ሲያልቅ ዕቃው ቡፌ ላይ ተቀምጦ ጌጥ ይሆናል። እዚያው ባሕር ዳር ስትሪፑ ሳይቋረጥ የሚገኝለትን መለኪያ ግዙና በየወሩ የስትሪፕ ገንዘብ ላኩ።

3. ልብ። የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። ለፋሲካ በግ፣ ለጥምቀት ልብስ፣ ለልደት ድግስ ገንዘብ ይወርዳል። የልብ ምርመራ ሲነሳ ግን «ደህና ናቸው፣ ስኳር ብቻ ነው ያለባቸው» ይባላል። ስኳር ብቻ የሚባል ነገር የለም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፤ እዚያ ላይ ስብ ይጠራቀምና ወደ ልብ የሚሄደው ደም መንገዱ ይጠብበዋል። የልብ ጡንቻው ራሱ፣ ደም ሥሩ ሳይዘጋ እንኳ፣ እየደደረ ይሄድና ላላ ብሎ ደም መቀበል ያቅተዋል። ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ጨውና ውኃ ይጠራቀማል፣ ግፊት ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ የተካሄደው የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት በ1974 እ.ኤ.አ. ስኳር ያለባቸው ወንዶች ከሌላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ሴቶች ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል ለልብ ድካም (ልብ ደምን እንደሚገባው መግፋት ሲያቅተው) እንደሚጋለጡ አሳይቷል። እናቶቻችንን ነው የምለው!

«ደረታቸውን አላመማቸውም» አትበሉኝ። ስኳር ነርቭንም ስለሚጎዳ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ሕመም ላይሰማ ይችላል። የሚታየው ድንገተኛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ጨጓራ ነው ተብሎ በተልባ ይታለፋል። ተልባውን ትታችሁ ወዲያው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ወደሚያነሳ ሆስፒታል ይወሰዱ።

ስትደውሉ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ መልሱ ምንጊዜም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። የልብ ድካምን ምልክቶች ጠይቁ፦ በስንት ትራስ ይተኛሉ? ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት ይነሳሉ? ማታ ማታ ጫማዎ ይጠብዎታል? ጊዮርጊስ እስኪደርሱ ስንት ጊዜ ቆመው ያርፋሉ? ሁለቱም እግሮች አብጠው በጣት ሲጫኑ ጎድጎድ ብለው ከቀሩ፣ «ዝሆኔ ነው» ብሎ መተው አያዋጣም። ለጉብኝት ስትመጡም አዛውንቱን በጀልባ ዘጌ ወስዳችሁ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ዳገት ከማስወጣታችሁ በፊት አስመርምሯቸው።

ገንዘቡ ይህን ይግዛ፦ ኤዋንሲ (ያለፉትን ሦስት ወራት ያህል አማካይ ስኳር የሚያሳይ የደም ምርመራ) በየሦስት ወሩ፣ ከተረጋጋ በየስድስት ወሩ (ለብዙዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው፣ ለደከሙ አዛውንት ላላ ይላል)፤ የግፊት ክትትል፣ ግቡ ከ130/80 በታች፤ በዓመት አንዴ የኩላሊትና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ፤ ምልክት ካለ ኢሲጂና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች እዚያው ከተማ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆነ ስታቲን ስለሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ኮሌስትሮሉ ደህና ቢመስልም ይታዘዛል። ከስኳር መድኃኒቶች ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የልብ ድካምን ይከላከላሉ፤ ፒዮግሊታዞን ግን ውኃ ስለሚያጠራቅም የልብ ድካም ላለበት አይሰጥም። በየሻንጣው የምታጉሩትን አስፕሪን ደግሞ ተዉት፤ የልብ ሕመም ለሌለበት አዛውንት የመድማት ጣጣው ከጥቅሙ ይበልጣል።

4. ጾም። ዳዎኒል (ግሊቤንክላማይድ) የተባለውን የስኳር ኪኒን ጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አለመቅመስ ስኳሩን ከ70 በታች ሊያወርደው ይችላል። እንደ አቴኖሎል ያለ የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ የስኳር መውረድን የሚያሳየው የልብ ትርታ ስለማይሰማቸው ላቡን ይጠብቁ። ላብ ካጠመቃቸው አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ጾሙ ከመግባቱ በፊትም ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ያስተካክልላቸው።